ወፍ ዘራሽ

ሳስካቱን፣ የካቲት፣ ቅዳሜ ማለዳ፤
ወንዙ ተዘርግቷል እንደ ነጭ ሰሌዳ።
ከአውቶቡስ ወርጄ፣ ሽፋሽፍቴ ረግቶ፣
ጣቴ በጓንት ውስጥ የኔነቱን ትቶ፣
ካርዴን አስነካሁት፤ በሩ ጢጥ ሲልልኝ
የመስታወቱ ቤት በወበቅ ዋጠኝ።

ደመወዝ የለኝም። ስሜ የሰፈረው
«በጎ ፈቃደኛ» ከሚለው ሥር ነው።
ሁለተኛ ዓመት፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት፤
ክፍያው ማየት ነው፣ አንዳንዴም ብስኩት።

ኦሪሲያ ናት መሪዬ፤ ዶክትሬቷን ልትጨርስ
አንድ ዓመት የቀራት፣ ንግግሯ አጭር፣ ሳቋ ቀስ።
የመጀመሪያው ቀን ያለችኝ «እጠቢ» ብቻ ነው፤
ስድስት ሳምንት አጠብኩ፣ የታጠበውን መልሼ ሳጥበው።
ቀጥሎ እሳት መጣ፦ የሽቦ ጫፍ ማጋል፣
እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከችኮላ መታገል፣
የሰሃኑን ክዳን እንደ ዐይን ሽፋን ገርበብ፣
ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ ሐሳብን መሰብሰብ።
«አየርም እንግዳ ነው» ትላለች፣ «ሰው ነው፤
እጁን ሳይታጠብ ነው ገበታ የሚቀርበው።»

ሥራችን ምስር ነው። ምስር ከአፈር በታች
ለማይታይ ተከራይ እልፍኝ ትሠራለች፤
እሱ ከአየር ለቅሞ ናይትሮጂን ያመጣል፣
እሷ ስኳር ትሰፍራለች፤ ውሉን ማን ፈርሟል?
የሥሯን እባጭ በምላጭ ብከፍለው
ውስጡ ቀይ። ደነገጥኩ። ደም ነው እንዴ? ደም ነው?
«የደማችን ዘመድ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሃያ አራት ጣሳ፤ ግማሹ ጀርም ተቀልቦ፣
ግማሹ ውኃ ብቻ፣ እንዲኖር ተርቦ።
የጠገቡት ይልሙ፣ የተራቡት ይገርጡ፣
ይመዘን፣ ይቆጠር፣ ልዩነቱ ይውጣ።
የተራቡት ስማቸው ማነጻጸሪያ ነው፤
እኔ ግን በሆዴ ጿሚዎቹ እላቸዋለሁ።

ዛሬ አንዱ ጿሚ ገድፏል።
አሥራ ሰባተኛው።
ጎረቤቶቹ ቢጫ፣ እሱ ጥቁር አረንጓዴ።
አፈሩን በጣቴ ገለጥ አደረግሁ፦ አምስት እባጭ።
ማን አጎረሰው?
ግድፈቱስ የማን ነው?

አስታወስኩ። ያ ሐሙስ። አውቶቡስ ሊያመልጠኝ፣
አንድ ጓንት ሳልቀይር፣ ችኮላ ሲነዳኝ።

ማንም የለም። ተረኛው ብሬደንን ጉንፋን አስቀርቶታል።
ማራገቢያው ለብቻው ያጉረመርማል።
ነቅሎ መጣል ቀላል፤ «ደረቀ» ማለት ቀላል፤
ከሃያ አራት አንድ ቢጎድል ማን ይጠይቃል?

ደብተሩ ግን ሕግ አለው። እርሳስ አይገባበትም።
የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፣ አይጠቆርም፤
አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ይሰመርበታል፣
ከመስመሩ በታች እንደተነበበ ይቀራል።

ጻፍኩ፦ «ጣሳ አሥራ ሰባት። አረንጓዴ። አምስት እባጭ።
ሐሙስ ጓንት አልቀየርኩም። እኔ ነኝ።»
«እኔ» የምትለዋ ተጣመመች።

ሰኞ ኦሪሲያ አነበበች። ዝም።
የሦስት ሳምንት ልፋት፣ ምናልባትም ረድፉ በሙሉ።
አልተቆጣችም። አላጽናናችኝምም።
«እንደገና እንዘራለን። ብልቃጦቹን እጠቢ።»
ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ፣ ከጣሳው ወረቀት ላይ
«ማነጻጸሪያ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና
«በጎ ፈቃደኛ» ብላ ጻፈች።

ስንዴ ዘሪዎቹ አያቶቿ፣ በዚህ ሜዳ፣
ማንም ሳይዘራው የበቀለን ቡቃያ
የሚጠሩት እንዲህ ነው አለችኝ።
እኔ በቋንቋዬ ወፍ ዘራሽ አልኩት፣
ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

መስኮቷ ላይ አለ። ከመስታወቱ ማዶ
ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ትናንት ነጣ ያለች አበባ አወጣ፣ ከጥፍሬ የምታንስ፤
የትኛውም ሰንጠረዥ አይቆጥራትም።

እኔ አጥባለሁ።